የት ላይ ነው የሚያምሽ?

ቀን ቀን ዓሣ ስበልት፣ ማታ ጨርቅ ስሰፋ፣
ሃያ ዓመት አለፈ፤ ማን ቆጥሮት ሲጠፋ?
መጋረጃ ሠራሁ፣ የአሻንጉሊት ቀሚስ፣
ለጎረቤት ድመት የብርድ ቀን ልብስ፤
(ድመቷ አንድ ቀንም አልለበሰችው፤
በጥርሷ አውልቃ ባሕር ከተተችው።)
“ስንት ነው፣ ሪግሞር?” ሲሉኝ
“ተዉት፣ ጊዜ ማሳለፊያ ነው” እላለሁ፤
ጊዜው ግን እኔን ነው ያሳለፈኝ፣ ዛሬ ሳስበው አውቃለሁ።

እኛ ፋሮ ዛፍ አናውቅም፤ ንፋስ ነው የበቀለው፤
በጉ ገደል አፋፍ ሲግጥ፣ ጭጋግም በግ መስሎ ነው የሚውለው።
በጋ ሲገባ ግን መንደር ከመንደር ይፎካከራል፤
ስድስት ቀዛፊ፣ አንድ መሪ፣ አንድ ጀልባ፤ ባሕሩ ይታረሳል።
ያኔ ነው ሱንቫ፣ የእህቴ ልጅ፣ ከልምምድ መልስ የመጣችልኝ።
ወንበር ሳብኩላት፤ “ቆሜ ይሻለኛል” አለችኝ።
ሻይ ቀዳሁ፤ ቆማ ጠጣች።
ብስኩት ሰጠኋት፤ ቆማ በላች።
“የት ላይ ነው የሚያምሽ?” አልኳት። ቀላች።
እሷ ዝም።
እኔም ዝም።
ኋላ እጇን ሰደደች ወደ መቀመጫዋ፣ አጥንቱ ወደሚያርፍበት፤
“እዚህ ጋ” አለች፣ “ስፌቱ ነው፣ መሐል ለመሐል ያለፈበት።
ስምንት መቶ ጊዜ ወደፊት፣ ስምንት መቶ ጊዜ ወደኋላ፣
መጋዝ ነው፣ አክስቴ፤ ቆዳዬን ላጠው በሞላ።”

ከሱቅ የተገዛውን ቁምጣ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት፤
እንደ ለመድኩት፣ እንደ ዓሣ፣ ሆዱን በመቀስ ከፈትኩት።
ቆራጩ (ማን ይሁን ማን) ልጅቷ ስትቆም አስቧል፤
ስትቀመጥ ያለውን ጣጣ ለሌላ ሰው ትቶታል።

የመጀመሪያው የኔ ሥራ፣ ሳልዋሽ ልንገራችሁ፣
ባሕር መሐል ተተረተረ፤ ሳቁን በሰማችሁ!
ጨርቁ ልለጠጥ ሲል ክሩ እምቢ አለ፤ ቀጥ ያለ ስፌት ግትር ነው፤
ለስላሳን ከግትር ካሰሩት መጨረሻው መበጠስ ነው።
ያን ሌሊት ሁሉን ፈታሁት፤ ቁርጥራጩ እስከ ጉልበቴ ድረስ፤
ጫፈ ድቡልቡል መርፌ ገዛሁ፣ ገፍቶ የሚያልፍ እንጂ የማይበጥስ፤
ስፌቱንም እንደ መብረቅ አጣመምኩት፣ ሲስቡት ሄዶ እንዲመለስ።
መሐል ያለፈውን መስመር ነቅዬ ወደ ጭን ጎን አዞርኩት፤
አጥንት የሚያርፍበትን ሜዳ
ባዶ፣ ልሙጥ አድርጌ ተውኩት።

ውድድሩን አላሸነፉም። ከስምንት ስድስተኛ ወጡ።
ግን ማታ ቤቴ መጡና፣
ስድስቱም ተቀመጡ።

ከሳምንት በኋላ ከማዶ መንደር ያልግሪም ደወለ፤
“ለአሥራ ሁለት ሰው፣ ስንት ነው?” አለ።
አፌ ላይ መጣ ያ የድሮው ቃል፣ “ተወው፣ ጊዜ ማሳለፊያ”፤
ዋጥኩት። እንደ ዓሣ አጥንት ወጋኝ፣ ጉሮሮዬ መተላለፊያ።
“ለአንዱ ሁለት መቶ ክሮና” አልኩት፣ ዓይኔን ጨፍኜ።
“ሁለት መቶ ብቻ?” አለኝ።
“እሱ የእጄ ነው” አልኩት ነቅቼ፣ ፈጠን ብዬ፣
“ጨርቁ ለብቻ ነው።”

ዛሬም ሦስት ቀን ፋብሪካ ነኝ፤ ቢላዬን አልጣልኩም።
የቀረውን ከጀልባው ቤት ጎን፣ የበግ ፀጉር ይከመርበት በነበረው ክፍል፤
ሁለት መኪና፣ አንድ መብራት፣
ያላመነኝ የሒሳብ ደብተር፣ እኔም ያላመንኩት።
ለሚመጣው ሁሉ ሜትር ከማንሣቴ በፊት
ያችኑ ጥያቄ እጠይቃለሁ።
አንዱ ብብቱን ያሳየኛል፣ አንዱ ወገቡን፤
ሯጯ ቀለበቷን አውልቃ የጡት መያዣዋ የፋቃትን።
አንዲት ግን ትናንት፣ ሜትሩ ትከሻዋ ላይ ሳለ፣
“የት ላይ ነው የሚያምሽ?” ስላት
ዝም አለች፣ ረዘም ላለ ጊዜ፤
መስኮቱን አየች፣ ባሕሩን።
ለእሱ ልኬት የለኝም።
መኪናውን አጠፋሁት፤ ሻይ ቀዳሁላት፤
ተቀመጠች።